አንቴና ያሰረችው ላሜ

እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ለቅሶ ቤት ስሄድ እንኳ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ እንጂ ወሬ አላነሣም። ይህንንም የምጽፈው መጻፍ አምሮኝ ሳይሆን፣ ነገሩን ሌሎች ሲያወሩት ከእጅ እየወጣ ስለሄደ ነው። በቀደም ከቡሬ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ «ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ባልቴት ላሟን ሬዲዮ አስውጣ ዜና ታሰማለች አሉ» አለችኝ።

«አላስዋጠቻትም፤ አንገቷ ላይ ነው ያሰረችላት» አልኳት።

«ያውቋታል?»

«በዓይን አውቃታለሁ» አልኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እንግዲህ ባልቴቷ እኔ ነኝ። ላሟ ወይኒት ትባላለች። ሬዲዮ የተባለው ደግሞ የታናሽ ወንድሜ ልጅ የማስተዋል ሥራ ነው።

ማስተዋል ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር መሐንዲስ ናት። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ቀን ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣችና፣ ሰላምታው አልቆ እህል ውሃ ከቀመሰች በኋላ፣ «አክስቴ፣ ወይኒትን ያውሱኝ» አለችኝ።

«ለምንሽ?»

«አንገቷን ነው የምፈልገው።»

ሰው ላም ሲዋስ ወተት ፈልጎ ነው፤ በሬ ሲዋስ ጉልበት ፈልጎ ነው። አንገት የሚፈልግ ሰው ከልኳንዳ ቤት ውጭ አይቼ አላውቅም። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ ቶሎ ብላ ማስረዳት ጀመረች። ላም አንገት ላይ የምትታሰር ትንሽ ዕቃ እየሠራች ነው። ዕቃዋ ላሟ የት እንደዋለች፣ ታመሰኳ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ትኩሳት እንዳላት ለባለቤቷ ትናገራለች። ከብት የጠፋበት ገበሬ ከጅጋ እስከ ደምበጫ በእግሩ ሲያስስ መዋሉ ቀረ ማለት ነው።

«ዕቃው እንኳ ቀላል ነው» አለች። «የቸገረኝ አንቴናው ነው።»

አንቴና ስትል እኔ የማውቀው ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን፣ የዓሣ አጥንት የሚመስለውን ነው። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያዞረዋል፤ ሌላው ከታች ሆኖ «መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ተው አትንካው» ይላል፤ ያ ሰው ከጣሪያው ሲወርድ ሥዕሉም አብሮት ይወርዳል። የማስተዋል አንቴና ግን ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ነበር። በስስ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የመዳብ መስመር ሲሆን እንደ በግ አንጀት ወዲያና ወዲህ ይተጣጠፋል።

«ምን አጣመመው?» አልኳት።

«ቦታ የለውማ። ረጅም ሞገድ ረጅም መስመር ይፈልጋል። ላም አንገት ላይ ደግሞ ዘንግ አይተከልም። ስለዚህ አጣጥፌ አስገባሁት። ደግሞ አንዱ አንቴና ነው ሁለት ሞገድ የሚናገረው። ላሟ ሩቅ ስትሆን በረጅሙ ሞገድ አጠር ያለ መልእክት ይልካል፤ አለሁ፣ እዚህ ነኝ፣ ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ቤት ስትገባ በአጭሩ ሞገድ የዋለችበትን ሁሉ ዘርዝሮ ያወራል።»

ጎረቤቴ መሪጌታ በአጥሩ ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ይሰሙ ኖሯል። «ገባኝ» አሉ። «ከሩቅ ጮኽ ብሎ ባጭሩ፣ ከቅርብ ቀስ ብሎ በዝርዝር። ባለቤቴም እንዲሁ ናት።»

ከአጥሩ ማዶ «ሰምቻለሁ» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። መሪጌታ አገጫቸውን አነሡ።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የማስተዋል አስተማሪ፣ ዶክተር የሚሏቸው ሰው፣ በመጪው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ ፍኖተ ሰላም ላይ ወርደው አንቴናውን በቁም ላም ላይ ሊያዩት ቀጠሮ ይዘዋል። ሁለቱም ሞገድ ከሠራ የመመረቂያ ሥራዋ አለፈ። ካልሠራ ሌላ ርዕስ ይዛ እንደገና ዓመት ልትጀምር ነው። አንድ ዓመት ቀድሞም ባክኖባታል። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን አልለወጠችም፤ የማሰሪያውን ጠፍር ግን ሲፈታና ሲታሰር አየሁት።

«ላሟን ውሰጃት» አልኳት።

ለካ ላሟ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት የላም አንገት መሥራት ያስፈልግ ኖሯል። ሥጋ ማለት አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ሞገድ ይበላል አለች። ስለዚህ ጀሪካን ውሃ ሞላች፤ ጨው ጨመረች፤ ቀጥላ ስኳር ገለበጠችበት። ጨዉን ዝም አልኩ። ስኳሩ ሲገባ ወደ ጓዳ ሄድኩ፤ አንዳንድ ነገር ቆሞ ማየት አይቻልም። ተመልሼ ስመጣ ጀሪካኑ ማሰሪያውን አንገቱ ላይ አድርጎ በእጅ ጋሪ ላይ ተቀምጧል።

«እርስዎ ጋሪውን እየገፉ ይራቁልኝ» አለች። እሷ ኮምፒውተሯን ይዛ ጣሪያው ላይ ከሰቀለችው ተቀባይ ሣጥን ሥር ተቀመጠች። እኔ ጀሪካኑን እየገፋሁ በመንደሩ መካከል ወደ መስኩ ወረድኩ። በየጥቂቱ ስልኬ ይጮኻል። «ይቁሙ።» እቆማለሁ። «ያዙሩት።» አዞረዋለሁ። «አሁን እንደ ላም ያድርጉት።» እንደ ላም ማድረግ ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ጋሪውን ትንሽ ነቀነቅሁት። «ጎበዝ» አለችኝ።

መንገዱ ላይ ከቀብር የሚመለሱ ሰዎች አገኙኝ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች አንዲት አሮጊት ጀሪካን በጠፍር አስራ፣ እየቆመች፣ እያዞረች፣ እየነቀነቀች ስትሄድ ሲያዩ ምን ያስቡ? ጸበል መሰላቸው። ገለል ብለው አሳለፉኝ፤ አንዳንዶቹ እጅ ነሡ። አንዲት ሴት ተጠጋችና፣ «እማማ፣ ከየትኛው ጸበል ነው? ለልጄ ትንሽ ይቅዱልኝ» አለችኝ።

«ጸበል አይደለም ልጄ።»

«ታዲያ የምን ውሃ ነው?»

ውሸት አልለመደብኝም፤ ረጅም ማብራሪያም አልችልም። «የላም አንገት ነው» አልኳት።

ሴትዮዋ አየችኝ፤ ጀሪካኑን አየች፤ እንደገና እኔን አየች። «እግዚአብሔር ይማርዎት» ብላ ሄደች።

ማስተዋል ግን ስመለስ የተቀበለችኝ ፊቷ በርቶ ነው። በእጅ የምትያዝ ትንሽ መለኪያ አሳየችኝ። መስታወቷ ላይ አንድ መስመር ሜዳ ሜዳውን ይሄድና ሁለት ቦታ ላይ ወደ ታች ገደል ይገባል። «ሁለቱን ሸለቆዎች ያያሉ? የግራው የሩቁ ሞገድ ነው፤ የቀኙ የቅርቡ። ሸለቆዎቹ በቦታቸው ካሉ አንቴናው ይናገራል። ወዲያ ወዲህ ከሸሹ ዲዳ ይሆናል።» ሁለቱም በቦታቸው ነበሩ። በማግስቱ ወይኒት ላይ ታሰረ። ወይኒት አንድ ጊዜ አንገቷን ነቅንቃ ተወችው። ሣር እየጋጠች ከመስኩ ማዶ መልእክቷ መጣ። ማታ በረት ስትገባ የዋለችበት ሁሉ ተዘረዘረ። ሁሉም ነገር አምሮ ነበር፤ እኔ እጄን እስካስገባበት ድረስ።

ወይኒት አንገት ላይ የታሰረው የዕቃው ሣጥን ነጭ ነው፤ ያብለጨልጫል። ጎኑ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ወይኒት ራሷ እንደ ስሟ ወይን ጠጅ መልክ ያላት፣ ዝንብ የሚያንሸራትት ቆዳ ያላት ላም ናት፤ ሣጥኑ ሲጨመርባት ሙሽራ መሰለች። ከጅጋ ገበያ የሚመለስ አንድ ነጋዴ መንገድ ላይ ቆሞ፣ «ይቺን የመሰለች ላም አላየሁም፤ ጭራሽ ሰዓት አስራለች» አለ። እኛ ዘንድ የሰው ንብረት ያደነቀ ሰው «ቱ» ይላል። ሰውዬው ቱ ሳይል አለፈ። በነጋታው ወይኒት ገለባዋን አስተረፈች።

ወተት ልትወስድ የመጣችው ጎረቤቴ እታገኝ ገለባውን አይታ፣ «አይተዋታል» አለች።

«ምኗን?»

«ምኗን ይላሉ እንዴ? አንገቷ ላይ መብራት አብርተው እየነዷት። እኔ ራሴ በደጅዎ ሳልፍ ዓይኔን ሰበር አድርጌ ነው።»

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። በዓይን አላምንም። ነገር ግን አለማመኔን በላሜ ላይ አልሞክርም።

ዶክተሩ የሚመጡበት ዕለት ማስተዋል ጎህ ሲቀድ ማሰሪያውን መርምራ፣ ሸለቆዎቿን አይታ፣ ደስ ብሏት ልብሷን ልትለብስ ገባች። እኔ በረት ቀረሁ። ነገሩን በሥርዓት አሰብኩት። ዓይን የሚስበው መብለጭለጩ ነው። መብለጭለጩ ከጠፋ ዓይኑም ሌላ ይፈልጋል። ትኩስ እበት ደግሞ እግሬ ሥር ነበር። ልጅነቴን ወለልና የእህል ጎታ ስለቀልቅ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሥራ ከያዝኩ ንፉግ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ለቀለቅሁት። ሳስቶ ታየኝና ደገምኩት። ዳርና ዳሩን በመዳፌ አስተካከልኩ። መብራቷም ጠፋች። ሲያልቅ እውነትም ከአንገቷ ላይ ጎታ የበቀለባት እንጂ ሰዓት ያሰረች አትመስልም ነበር። ረካሁ። እጄን ታጠብኩና ለእንግዳው ብዬ አዲሱን የስፖንጅ ነጠላ ጫማዬን አደረግሁ።

በሰፈራችን ከብት የሚጠበቀው በተራ ነው። የዚያን ዕለት ተራው የመሪጌታ ቤት ስለነበር እሳቸው ራሳቸው ጭራቸውን ይዘው ከከብቶቹ ጋር ወደ ላህ ወንዝ ወረዱ።

ዶክተሩ ረጅም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ግቢው ውስጥ ወንበር ሰጠናቸው። ማስተዋል ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ከሩቁ እንጀምር» አሉ።

ከሩቁ ምንም የለም።

ትንሽ ጠበቅን። ማስተዋል መሰላሉን ወጥታ የጣሪያውን ሣጥን ነካካች፤ ወረደች። ምንም የለም። ለመሪጌታ ደወለችና ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ከፈተችው።

«መሪጌታ፣ ወይኒት የት ናት?»

«ፊቴ ቆማለች።»

«ምንም መልእክት አልመጣልንም።»

«አትናገርም» አሉ መሪጌታ። «ድሮም አትናገርም ነበር።»

ዶክተሩ ከንፈራቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩ። «ማስተዋል፣ ይህ ነገር ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ነበር። ችግሩ ላም ጠረጴዛ አይደለችም። እኔ ከምሳ በኋላ መንገድ መጀመር አለብኝ።»

ልጅቷ አመድ መሰለች። «እስከ ዛሬ ጠዋት ይሠራ ነበር» አለች። «እንዲህ የሚሆነው ውሃ ያዘለ ነገር ሲጠጋው ነው። ያኔ ሸለቆው ከቦታው ይሸሻል። መሪጌታ፣ ላሟ ወንዝ ገብታለች?»

«ደረቅ ናት።»

«እስቲ ሣጥኗን ይመልከቱልኝ፣ ውሃ አለባት?»

«የትኛዋን ሣጥን? እኔ የማየው ጎታ ነው።»

ጭንቅላቴ ውስጥ «ውሃ ያዘለ ነገር» የሚለው ቃል ገና እየዞረ ነበር። ትኩስ እበት ውሃ እንደሚያዝል ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ዝም ብል መሪጌታ አብጠርጥረው እስኪነግሯቸው ድረስ ነው።

«እበት ነው» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «እበት ምን ሆነ?» አሉ ዶክተሩ።

«ሣጥኑ ላይ ነው። እኔ ነኝ የለቀለቅሁት።»

«ለምን?»

«ለዓይን።»

«ለማን ዓይን?»

«እሱን ገና አላወቅነውም» አልኳቸው።

ወደ መስኩ ስንወርድ ማስተዋል አላናገረችኝም። ቁጣዋ እንደ እኔው ነው፤ ድምፅ የለውም። ላሟ ዘንድ ስትደርስ ነጠላዋን ጠቅልላ ልትጠርግ እጇን ዘረጋች። ዶክተሩ ያዟት።

«አትጥረጊው። መለኪያሽን አያይዢው።»

አያያዘችው። መስታወቷ ላይ ሸለቆዎቹ ሁለቱም ወደ ግራ ተሰደዋል፤ ጥልቀታቸውም የእግር ኮቴ ያህል ቀርቷል። «እንይ እስቲ» አሉና ዶክተሩ ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

አንባቢዎች፣ በዚያ መስክ ላይ የሆነውን ማንም ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። አንድ ዶክተር፣ አንዲት መሐንዲስ፣ አንድ መሪጌታና እኔ በአንዲት ላም ዙሪያ ተቀምጠን እበት ሲደርቅ እናይ ጀመር። ላሟን ጎኗን ለፀሐይ አዞርናት። መሪጌታ ጭራቸውን አንሥተው እበቱን ያራግቡ ያዙ። መንገደኞች ቆሙ። አንዱ፣ «መሪጌታ፣ ላሟ ሞተች እንዴ?» አለ።

«አልሞተችም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«እኔ እያራገብኩ ነው» አሉ መሪጌታ። «የሚጠብቁት የተማሩት ናቸው።»

እበቱ ከዳሩ እየነጣ፣ እየተሰነጠቀ ሲሄድ ሸለቆዎቹ ቀስ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ተመለሱ። መጀመሪያ የቅርቡ ቦታውን ያዘ። ከዚያ የሩቁ። ማስተዋል ቁጥሩን እየጠራች፣ ዶክተሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ እበቱ በመድረቁ ደስ ብሎኝ እኔም ጠጋ አልኩ። የመመረቂያ ሥራዋ አለፈ ብዬ ነበር።

«ስለዚህ ንጹሕ ሲሆን ይሠራል» አሉ ዶክተሩ። «ግን ማስተዋል፣ እበት ያልነካት ላም የት አለች? ጭቃ አለ፣ ዝናብ አለ። አክስትሽ ባይለቀልቁት ላሟ ራሷ ተኝታ ትለቀልቀዋለች። ገበሬው በየጠዋቱ ላም ሊያጥብ ነው? በእርጥብ እበት ውስጥ ሆኖ ከተናገረ አሳልፈዋለሁ። እስክሄድ ጊዜ አለሽ።»

ማስተዋል ሣጥኑን ፈታች፣ ከፈተች፣ አንቴናውን አየች። መዳቡ ከሣጥኑ ክዳን ጋር ተጣብቆ ነው የተቀመጠው፤ እበቱ ደግሞ ከክዳኑ በላይ። «ማራቅ ነው ያለብኝ» አለች ለራሷ። «ጣት ያህል። ግን ቀላል የሆነ፣ ውሃ የማይጠጣ ነገር፤ አየር የበዛበት።» ዙሪያዋን አየች። ሣር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ላም አለ። ከዚያ ዓይኗ ወደ መሬት ወረደና እግሬ ላይ አረፈ።

«አክስቴ» አለች። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የጠራችኝ። «ጫማዎን።»

«አዲስ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

አንዱን አውልቄ ሰጠኋት። መሪጌታ ጩቤያቸውን አቀበሉ። ተረከዙን እንደ ዳቦ ቆርጣ፣ አስተካክላ፣ በአንቴናውና በክዳኑ መካከል አስገባች። ሣጥኑ አልዘጋ አለ፤ ጫማዬን እንደገና አሳሳችው። አሁን ሸለቆዎቹ በሌላ በኩል ሸሹ። ከመዳቡ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ጨመረችበት፤ የሩቁ ተመለሰ፤ የቅርቡ አመፀ። በመቀስ የጥፍር ያህል ቀነሰች፤ የቅርቡ ተመለሰ፤ የሩቁ ፈቀቅ አለ። «እነዚህ ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው» አሉ መሪጌታ፤ «አንዱን ስታስታርቂ ሌላው ይኮርፋል።» ማስተዋል ሳቀች። መቀሱ በእጇ ላይ እያለ ሳቀች። ጥቂት ቆይታ ሁለቱንም በቦታቸው አቆመቻቸውና ሣጥኑን ዘግታ ወይኒት አንገት ላይ መልሳ አሰረችው።

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እናቴ፣ እንግዲህ እንደ ጠዋቱ አድርገው ይለቅልቁልን።»

እንግዳ ፊት፣ ያውም በተማረ ሰው ትእዛዝ፣ እበት ለቅልቄ አላውቅም። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አንድ ጊዜ ቀባሁት፤ ደገምኩት፤ ዳሩን አስተካከልኩ። «ይበቃል» አለች ማስተዋል። «አይ፣ ይጨምሩ» አሉ ዶክተሩ። ጨመርኩ።

ወይኒት ስትለቀቅ በዚያ ሁሉ ሰው ተሰላችታ ኖሮ ወንዙን ተከትላ ወደ ባሕር ዛፉ ማዶ ገሰገሰች። መሪጌታ ተከተሏት። እኛ ወደ ቤት ተመለስን። እኔ አንድ እግሬ ጫማ፣ አንድ እግሬ ጭቃ ሆኜ ከዶክተሩ ጎን በክብር ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ማስተዋል አልተቀመጠችም። እኔም አልተቀመጥኩም፤ እግሬን ልታጠብ ብሄድ መልእክቱ የሚያመልጠኝ መሰለኝ።

የመጀመሪያው መልእክት መጣ። አለሁ፣ እዚህ ነኝ። ቀጥሎ ሌላ መጣ። ሌላም። ዶክተሩ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩና፣ «መሪጌታን ላሟን ወደ ቤት ይንዱልን በያቸው» አሉ። ወይኒት በረት ስትደርስ በዚያ ሁሉ እበት ውስጥ ሆኖ የቅርቡ ሞገድ ውሎዋን ዘረገፈው፤ ስንት ጊዜ እንዳመሰኳች፣ የት እንደተኛች፣ ከማን ሸሽታ እንደሮጠች ባይልም እንደሮጠች።

«ይህንን ጽፈሽ አምጪ» አሉ ዶክተሩ ሲነሡ። «አልፏል። እበቱንም ጻፊው።»

ማስተዋል እቅፍ አደረገችኝ። እኔ እጄን ገና አልታጠብኩም ነበርና ሁለቱን እጆቼን ወደ ላይ ሰቅዬ ቆምኩ፤ እሷ ግን አለቀቀችም። ጥቂት ጊዜ እንዲያ ቆየን። ዶክተሩ መኪናቸው ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን አውርደው፣ «እናቴ፣ ጫማዎን እኔ እተካለሁ» አሉኝ። «ተዉት፤ ሥራ ላይ ነው» አልኳቸው።

ማስተዋል ተመርቃለች። ሣጥኑን ወይኒት ላይ፣ ኮምፒውተሯንም እኔ ቤት ትታልኛለች። የቀረው አንዱ ጫማዬ ደጃፌ ላይ እንዳለ ነው። የመጣ እንግዳ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «ሌላው የት ሄደ?» ይለኛል። ያን ጊዜ መነጽሬን አድርጌ ኮምፒውተሩን አይና፣ «ወንዝ ዳር ነው፤ ሣር እየጋጠ» እላለሁ።